ግሪን ዴይን ያሳደገው የጊልማን ቤት ነው ወይስ ሸክላ አሳታሚው ኩባንያ? በጎጃም ባንድ ለምትጀምሩ

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር) ጻፈ፦

ስለ ባንድ በተነሳ ቁጥር የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «አዲስ አበባ ግቡ፣ ፕሮዲውሰር ፈልጉ፣ ያኔ ሰው ያውቃችኋል»። ከዓባይ በረሃ ወዲህ ላለነው ይህ መልስ አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ በአንድ ባንድ ታሪክ ላሳያችሁ። ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

የምጽፈው ስለ ግሪን ዴይ ነው፤ ፐንክ የሚባለውን ፈጣንና ጩኸታም የሮክ ሙዚቃ የሚጫወት የአሜሪካ ባንድ ነው። ብዙዎቻችን ዘፈናቸውን ከስልክ ወደ ስልክ ተቀባብለን ሰምተነዋል። ታሪካቸው ሲወራ ግን ከ1994 ይጀመራል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እኔን የሚይዘኝ ከዚያ በፊት ያለው 7 ዓመት ነው።

የባንዱ ዘፋኝ ቢሊ ጆ አርምስትሮንግ የተወለደው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው፤ ያደገው ሮዲዮ በምትባል የነዳጅ ማጣሪያ ባለባት ትንሽ ከተማ። ከ6 ልጆች የመጨረሻው ነው። አባቱ በካንሰር ሲሞቱ 10 ዓመቱ ነበር፤ እናቱ በምግብ ቤት አስተናጋጅነት እየሠሩ አሳደጉት። በ1987 ከትምህርት ቤት ጓደኛው ከማይክ ደርንት ጋር ስዊት ቺልድረን የሚል ባንድ አቋቋሙ። የመጀመሪያ ዝግጅታቸውን ያሳዩት እናቱ በሚሠሩበት ምግብ ቤት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በዚያው አካባቢ፣ በርክሌይ ከተማ፣ ጊልማን ጎዳና ቁጥር 924 ላይ በ1986 የመጨረሻ ቀን አንድ መጋዘን የሙዚቃ ቤት ሆኖ ተከፈተ። ያስጀመሩት ማክሲመም ሮክንሮል የሚባለው የፐንክ መጽሔት ሰዎች ናቸው፤ ከፊት የቆመው ቲም ዮሃናን ነበር። ቤቱ ነጋዴ ጌታ የለውም። በር ላይ የሚቆመውም፣ ድምፅ የሚያስተካክለውም፣ ሲያበቃ ወለሉን የሚጠርገውም በጎ ፈቃደኛ ነው። መጠጥ የለም፣ ዕፅ የለም፣ ድብድብ የለም፣ ሰውን በዘሩ ወይም በፆታው ማዋረድ የለም። ዕድሜ ስለማይጠየቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ይገባል። በ1988 መሥራቾቹ ቤቱን ሲተዉት እዚያ ሙዚቃ ሊሰሙ ይመጡ የነበሩት ወጣቶች ራሳቸው ተረክበው እንደገና ከፈቱት። እስከ ዛሬም ክፍት ነው።

ልጆቹ ግሪን ዴይ በሚለው ስም መጀመሪያ የተጫወቱት በግንቦት 1989 እዚያው ቤት ነው፤ የቤቱ ተወዳጅ ባንድ ኦፕሬሽን አይቪ የመጨረሻ ዝግጅቱን ባሳየበት ቀን። ሉክአውት የተባለውን ትንሽ ኩባንያ ይመራ የነበረው ላሪ ሊቨርሞር ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ አይቷቸዋል። ያየበትን ቦታ ስሙ፦ መብራት በሌለው የተራራ ቤት ውስጥ፣ በጄኔሬተርና በሻማ፣ ጥቂት ልጆች ብቻ ባሉበት። ልጆቹ ግን ስታዲየም የሞላ ሰው እንደሚያያቸው ሆነው ተጫወቱ። ሸክላቸውን ላትምላችሁ አላቸው።

ከዚያ በኋላ ዓመታት በመንገድ አለፉ። በ1990 ከበሮው ላይ ትሬ ኩል ተቀመጠ። የትሬ አባት ደግሞ ድሮ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት የነበረ መኪና እየነዱ ከከተማ ከተማ ያዞሯቸው ነበር። ሁለተኛው አልበማቸው ከርፕላንክ ያለ ምንም የቴሌቪዥን ማስታወቂያ በአሥር ሺዎች ተሸጠ። በ1993 ሪፕራይዝ ከተባለው ትልቅ ኩባንያ ጋር ፈረሙ። ከፕሮዲውሰሩ ከሮብ ካቫሎ ጋር በሦስት ሳምንት ገደማ የቀዱት ዱኪ የተባለ አልበም የካቲት 1 ቀን 1994 ወጣ፤ በአሜሪካ ብቻ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሄደ፤ በ1995 የግራሚ ሽልማት አገኙ።

እንግዲህ ኩባንያው የተቀበለው ያለቀለት ባንድ ነው። ያንን ባንድ ያበሰለው በየሳምንቱ ቅዳሜ ክፍት የሆነ በር ነው። በባሕር ዳር ጊታር የሚመታ ልጅ ሞልቷል፤ ዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ፔዳም ፖሊም፣ ሂዱና ስሙ። የሌለው ቤት ነው። ሰርግ ላይ የራስህን ዘፈን አትጫወትም። ምሽት ቤቱ ቢራ መሸጥ አለበት። የበዓል መድረክ ደግሞ ባህላዊውን ብቻ ይፈልጋል። የራሱን ዘፈን ይዞ የመጣ ልጅ የት ይቁም?

---

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም) ጻፈ፦

ጣና_ዳር፣ ጽሑፍህ ልቤን ነክቶታል፤ ኩባንያውን ያሳነስክበት ቦታ ላይ ግን አልተውህም። እኔ ሰርግ ላይ ኦርጋን እየተጫወትኩ የምኖር ሰው ነኝ። በዓመት ውስጥ ብዙ ወር ሥራ የለም ማለት ይቻላል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሁሉም ይዘጋል፣ ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ይኖርና ደግሞ ክረምቱ ይመጣል። ሙዚቀኛ መብላት አለበት።

በ1993 ልጆቹ ያሉበትን አስበው። ዝግጅታቸው ላይ በር ላይ የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው። ትንሹ ኩባንያ ሸክላውን ለጠየቀው ሁሉ ማዳረስ አይችልም። በ1991 ኒርቫና የሚባለው ባንድ ገንኖ ስለወጣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በየመጋዘኑ ባንድ እያሰሱ ነው። እነዚህ ልጆች እምቢ ቢሉ ምን ያተርፋሉ?

ደግሞ ኩባንያ ገባ ማለት ነፍሱን ሸጠ ማለት አይደለም። የእንግሊዙ የፐንክ ባንድ ዘ ክላሽ በ1977 ሲቢኤስ ከሚባለው ትልቅ ኩባንያ ጋር ሲፈርሙ ፐንክ ሞተ ተብሎ ተለቅሶባቸዋል። እነሱ ግን ያንኑ ኩባንያ ታግለው በ1979 ድርብ አልበም በአንድ አልበም ዋጋ አስወጡ። ቀጥሎም ሦስት ሸክላ ያለበትን አልበም በርካሽ ለማሸጥ ከራሳቸው ድርሻ ቆርሰው ተዉ። አድማጩን ያልካደ ሰው የትም ገብቶ አይክድም።

---

የሞጣ_ልጅ (ኦክላንድ) ጻፈ፦

ከሞጣ ወጥቼ የምኖረው ከበርክሌይ አጠገብ ነው፤ ጊልማን የታክሲ መንገድ ነው። ከውጭ ስታዩት ምንም አይደለም፣ የጡብ መጋዘን ነው። ውስጡ ግድግዳው በሙሉ ጽሑፍና ተለጣፊ ነው። ደንቦቹ ማንም በሚያያቸው ቦታ በትልቁ ተጽፈዋል። በሩ ላይ የሚቀበላችሁን ልጅ ነገ መድረክ ላይ ታገኙታላችሁ።

ዳሞት ያላነሳኸውን ልጨምር። ግሪን ዴይ ሪፕራይዝ ሲገቡ ይኸው ያሳደጋቸው ቤት በሩን ዘጋባቸው። ከትልቅ ኩባንያ ጋር የፈረመ ባንድ እዚህ አይጫወትም የሚል ደንብ አለ። ቢሊ ጆ ያኔ ገና 21 ዓመቱ ነው፤ ጓደኞቹ፣ ፍቅሩ፣ ሕይወቱ ሁሉ እዚያ ቤት ውስጥ ነበር። በኋላ ደጋግሞ የተናገረበት ቁስል ነው።

ግን ቤቱንም ልወቅሰው አልችልም። የሚይዘው ጥቂት መቶ ሰው ነው። የኩባንያ ሰዎች ባንድ ለመልቀም በየሳምንቱ ከመጡ፣ ልጆቹ ለጓደኞቻቸው መጫወታቸውን ትተው ለእነዚያ ሰዎች መጫወት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ቤቱ የባንድ መፈተኛ ክፍል ይሆናል።

ሌላ ደግሞ፣ «ትንሽ ኩባንያ ታማኝ ነው» ብሎ መደምደምም አያዋጣም። ሉክአውት ሲጀምር የሸክላውን ትርፍ የሚበልጠውን ክፍል ለባንዱ ይሰጥ ነበር፤ ይህ ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። ሊቨርሞር በ1997 ከለቀቀ በኋላ ግን ክፍያው መንጠባጠብ ጀመረ። በ2005 ግሪን ዴይ የመጀመሪያዎቹን አልበሞቻቸውን ባልተከፈለ ገንዘብ ምክንያት ከሉክአውት አወጡ። ኩባንያው በ2012 ተዘጋ። ከተቋሙ መጠን ይልቅ ሒሳቡ በግልጽ መያዙን ጠይቁ።

---

ቀረርቶ (ደብረ ማርቆስ) ጻፈች፦

ሁላችሁም መድረክ ላይ ስለሚወጣው ሰው ነው የምታወሩት። እኔ ስለሚገባው ሰው ልናገር።

ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ማርቆስ ላይ ሙዚቃ በአካል የሚሰማበት ቦታ ማታ የሚከፈት ነው፤ ማታ የሚከፈተው ደግሞ የሚጠጣበት ነው። እናቴ «ሙዚቃ ልሰማ ነው» ብላት ልትፈቅድልኝ ትችል ይሆናል፤ ቦታው የት እንደሆነ ስታውቅ ግን አለቀ። እሷንም አልፈርድባትም፣ ፍርሃቷ እውነት ነው። ስለዚህ ጣና_ዳር በአንድ መስመር ያለፍከው ደንብ፣ መጠጥ የለም ድብድብ የለም የሚለው፣ ለእኔ የቤቱ ጌጥ ሳይሆን መሠረቱ ነው። ያ ደንብ ባይኖር ቤቱ የወንድ ልጆች ብቻ ይሆን ነበር።

ሁለተኛ፣ ከመጋዘን መውጣት የግድ ኩባንያ መግባት ነው ያለው ማን ነው? በዚያው በ1994 ኦፍስፕሪንግ የሚባለው ባንድ ኤፒታፍ ከተባለ፣ አንድ የባንድ ጊታሪስት ካቋቋመው ትንሽ ኩባንያ ጋር ሆኖ ያወጣው አልበም በጊዜ ብዛት ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። የኦፕሬሽን አይቪ ልጆች ያቋቋሙት ራንሲድም ያኔ ትልልቆቹ እየተሻሙበት ከዚያው ከኤፒታፍ አልወጣም።

ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ ግን የሆላንዱ ዘ ኤክስ ነው። በ1979 ሲጀምሩ ማን ምን እንደሚጫወት በዕጣ ነው የተከፋፈሉት። ሸክላቸውን ራሳቸው እያሳተሙ፣ ዝግጅታቸውን ራሳቸው እያዘጋጁ ከ40 ዓመት በላይ ኖሩ። ኢትዮጵያ መጥተው ዞረው ተጫውተዋል። ከዚያ ሳክስፎኒስቱን ጌታቸው መኩሪያን በ2004 ለ25ኛ ዓመት በዓላቸው አምስተርዳም ጋበዟቸው። ጋሽ ጌታቸው ማለት ሽለላን በሳክስፎን የተጫወቱ ሰው ናቸው። እነዚያን ፐንኮች ሰምተው አልሸሹም፤ አብረን እንሥራ ያሉት እሳቸው ናቸው። በ2006 «ሞኣ አንበሳ» የሚለውን አልበም አብረው አወጡ። እሳቸው በ2016 እስኪያርፉ ድረስ ወዳጅነቱ ቀጥሏል።

አልበሙን ስትሰሙ ሳክስፎኑ ሲፎክር ጊታሮቹ ከሥሩ ሲያጉረመርሙ ማን እንግዳ ማን ባለቤት እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ፉከራና ቀረርቶ ሲወርድበት ያደገ የጎጃም ልጅ ፐንክ ሲሰማ ባዕድ አይሆንበትም። ጉሮሮውን ሳያሳምር ከሆዱ የሚጮህ ሰው ምን እንደሚል ያውቃል።

---

የዲማ_ተማሪ (ብቸና) ጻፈ፦

«ሦስት ኮርድ ማንም ይችላል» እያላችሁ ፐንክን ለምታጣጥሉ አንድ ቃል ይኑረኝ። ራሞንስ የሚባሉት የአሜሪካ ፐንኮች በ1976 የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ 14 ዘፈን በ29 ደቂቃ ጨርሰዋል። በእኛ ቅኔ ቤትም የሚጀመረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ነው። ሁለት ቤት ስለሆነ የቀለለ የሚመስለው ቆጥሮ የማያውቅ ሰው ነው። ትርፍ ቃል የምትደብቅበት ቦታ የለህም። የትናንቱን ዛሬ ብትደግም ደግሞ ነውር ነው፤ ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፣ ባልደረቦቹ ይሰማሉ፣ ይታረማል። ጣና_ዳር ስለ ቅዳሜው በር ስትጽፍ ያነበብኩት ይህንን ነው።

የምጠይቃችሁ ግን አለኝ። ቅኔ ቤት ተማሪ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሲሄድ ይመረቃል እንጂ አይረገምም። ከዋሸራ ተነሥቶ ጎንጅ ቢገባ ማንም በር አይዘጋበትም። ያ ጊልማን የተባለው ቤት በገዛ ልጁ ላይ በር መዝጋቱ ለምን ትክክል ሆነ ትላላችሁ? የሞጣ_ልጅ የሰጠኸው ምክንያት ለኩባንያ ሰዎች ይሠራል፤ ለልጁ ግን አይሠራም።

---

የኪነት_ዘመን (ዳንግላ) ጻፈ፦

ልጆቼ፣ ስትጽፉ ሳነብ ቆየሁ። ቤት አልነበረንም ስትሉ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

በደርግ ጊዜ በየቀበሌው አዳራሽ ነበር። የኪነት ቡድን ከቀበሌ ይጀምራል፣ ወደ አውራጃ ያድጋል፣ ጎበዝ የሆነው የክፍለ ሀገሩ ቡድን ግሽ ዓባይ ይገባል። ጊታሩም ኦርጋኑም የመንግሥት ነው። አንድ የገበሬ ልጅ በእጁ ነክቶት የማያውቀውን መሣሪያ እዚያ ተምሯል። ከግሽ ዓባይ የወጡ ድምፃውያን በኋላ አገር ያወቃቸው ሆነዋል፤ ስማቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንግዲህ ጣና_ዳር እንዳልከው ቤት ሰው ያወጣል፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገር ግን የቤቱ ባለቤት ማን እንደነበረ አትርሱ። ግጥሙን ካድሬ ሳያየው መድረክ አይወጣም። የምንዘፍነው ስለ ዘመቻና ስለ ምርት ነበር። መንግሥቱ ሲወድቅ ቡድኑም ተበተነ፣ አዳራሹም መጋዘንና ቢሮ ሆነ፣ መሣሪያው የት እንደገባ እንኳ አልታወቀም። ያ የአሜሪካው ቤት ግን መሥራቾቹ ሲሄዱ ልጆቹ ተረክበው ከፈቱት አላችሁ። እኛ ለመረከብ አልተዘጋጀንም ነበር፤ የእኛ ነው ብለን አናስብማ። እናንተ ቤት የምታገኙ ከሆነ ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ አይደር።

---

ጣና_ዳር ጻፈ፦

ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉት ለብቻው አንድ ክር ይገባዋል። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ አይደር የሚለውን እንደ ደንብ ይዤዋለሁ።

ዳሞት፣ ስለ 1994 ሌላ ነገር ልንገርህ፤ ለአንተ የሚያደላ ነው። ዱኪ ወጥቶ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው በነሐሴ በአሜሪካዋ ሶገርቲስ በተደረገው ዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ተጫወቱ። ዝናብ ስለነበረ ሜዳው ሁሉ ጭቃ ነው። ሕዝቡ ጭቃ መወርወር ጀመረ፣ እነሱም መልሰው ወረወሩ። አንድ ጥበቃ ማይክ ደርንትን መድረክ ላይ የወጣ ተመልካች መስሎት ሲጥለው ጥርሱን ሰበረው። ይህ ሁሉ በቴሌቪዥን በቀጥታ እየተላለፈ ነበር። በቀጣዩ ወር ቦስተን ላይ በነፃ ሲጫወቱ የመጣው ሕዝብ በአሥር ሺዎች ስለሆነ ዝግጅቱ ገና ሳይጋመስ ተቋረጠ። ካሜራውንና መድረኩን ያመጣው ኩባንያው ነው፣ አልክድም። ግን በዚያ ጭቃ ውስጥ ሳይደናገጡ የቆሙት በጊልማን ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ መጫወት ስለለመዱ ነው። ከስቱዲዮ ብቻ የወጣ ባንድ ቢሆን መድረኩን ጥሎ ይሮጥ ነበር።

ለየዲማ_ተማሪ፦ በመጨረሻ በሩ ተከፍቷል። በ2015፣ ሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቅ ሮከኞች የክብር መዝገብ) በገቡበት ዓመት፣ ኦክላንድ ውስጥ በእሳት የተጎዱ አሳታሚዎችን ለመርዳት በተዘጋጀ ዝግጅት ጊልማን ተመልሰው ተጫወቱ። ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ።

---

የዲማ_ተማሪ ጻፈ፦

ሃያ ዓመት በዝቷል። ጋሼ አንቱ ምን ይላሉ? ወጥቶ የሄደ ልጅ ስንት ዓመት ይቀጣል?

---

የኪነት_ዘመን ጻፈ፦

አይቀጣም። እኛ አዲስ አበባ የገቡትን ቀጥተናቸው አናውቅም፤ ግን አልተመለሱም። የሚያስቆጨኝ እሱ ነው። ቢመለሱ ኖሮ የሚያስተምሩት ነበራቸው።

---

ቀረርቶ ጻፈች፦

እንግዲያው አሁኑኑ እንጻፈው። ቤት ሳይኖር ደንብ ቢባልም ግድ የለም፤ ቤት ከተገኘ በኋላ ደንብ መጻፍ ነው የሚያጣላው።

ዝግጅቱ እሁድ ከሰዓት ይሁን፣ ሳይመሽ ይለቅ። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ማታ የሚባል ነገር እንደሌለ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። ደግሞ ሴት ልጅ በብርሃን ገብታ በብርሃን ትወጣለች። መጠጥ አይሸጥ፤ ቡናና ለስላሳ ይበቃል። የሚጫወት ባንድ ከሚያሰማው ግማሹ የራሱ ዘፈን ይሁን። በር ላይ የተገኘው ብር እዚያው ሁሉም ሰው ፊት ይቆጠር፣ ለኪራይ ከተነሳ በኋላ ለባንዶቹ እኩል ይካፈል። ቁልፉ ሦስት ሰው ጋ ይሁን፣ አንዷ ሴት ትሁን።

ትልቅ የሆነ ባንድ ሲመለስ ደግሞ ይጫወት። የዚያን ቀን የበር ገንዘብ የቤቱ ነው፣ ትኬቱም ከሌላው እሁድ አይወደድም።

---

የሞጣ_ልጅ ጻፈ፦

በመጨረሻው ላይ አንድ ቃል ጨምሪበት እህቴ፦ የተመለሰው ባንድ መጀመሪያ ይጫወት፣ አዲሶቹ በኋላ። አለበለዚያ ሕዝቡ ታዋቂውን ለማየት ዘግይቶ ይመጣል፣ አዲሶቹ ባዶ ወንበር ላይ ይጫወታሉ።

ቤቱ ከተገኘ የድምፅ ማደባለቂያ ሚክሰር ልልክ እችላለሁ። አሮጌ ነው፣ ግን ይሠራል።

---

ዳሞት ጻፈ፦

ታዋቂው መጀመሪያ የሚለው ላይ ሕዝቡ እሱን ሰምቶ ይወጣል ብዬ እሰጋለሁ፤ መሀል ላይ ይሁን። ሌላው ይሁን ብያለሁ። አዲስ አበባ ያለ ኩባንያ ከጠራኝ ግን እሄዳለሁ፣ ይህንን ከአሁኑ እወቁልኝ። ስመለስ ደንቡን አከብራለሁ።

ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ለእንዲህ ዓይነት ዝግጅት ትልቅ ነው፤ ለመጀመሪያው ወንበር የሌለው ተራ መጋዘን ይሻላል። ጣና_ዳር፣ ከገበያው ወጣ ብሎ፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የማይጎራበተው ቦታ ፈልግ። ጎረቤቶቹን ቀድመህ በአካል አነጋግር፤ በወረቀት ብቻ ብትጠይቅ እምቢ ነው የሚሉህ። እኔ አምፕሊፋየሬን በሚኒባስ ጣራ ጭኜ እመጣለሁ። መብራት ሲጠፋ የሚሆን ጄኔሬተርም ከሰርግ ቤት አከራይ በቅናሽ አገኛለሁ።

የጎደለን ድራም ነው። ባሕር ዳር ወይም እንጅባራ ሙሉ ድራም ያለው፣ ለአንድ እሁድ የሚያበድር ሰው ካለ እዚሁ ክር ላይ ይጻፍልን።